ጋሽ ገብረወልድን ማን ይቀይራል?

ጋሽ ገብረወልድ የጫማቸውን ክር ሊያስሩ እንደገና ይጎነበሳሉ። ክሩ አልተፈታም። ከመስመሩ ዳር ሆኜ በደንብ ይታየኛል፤ ጣታቸው ክሩን ይነካካል እንጂ አያስርም። የፈለጉት ትንሽ አየር ነው።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

ቀና ሳይሉ እጃቸውን ያወናጭፉብኛል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

የገርጂ ጤና ቡድን ነን። እሁድ እሁድ ጠዋት ቦርጭ ለማጥፋት የተሰባሰብን አባወራዎች፣ ሌላ ምንም አይደለንም። ዛሬ ግን ከመገናኛዎቹ ጋር የፍጻሜ ጨዋታ አለብን፤ ከጎሉ ጀርባ የታሰረው ሙክትም ላሸነፈ ነው። አንድ ለባዶ እየመራን ነው። ጎሏን ያገቡት ጋሽ ገብረወልድ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት አልፏቸው፣ ያውም በጭንቅላት። ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው፣ አምበሉ እሳቸው፣ እኔን አሰልጣኝ ያደረጉኝ እሳቸው፣ ሚስቴንም ሊለምኑልኝ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት እሳቸው።

ደንባችን ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከሃምሳ በላይ የሆነ ሰው ራሱ እጁን አንስቶ ካልጠየቀ አይቀየርም። መከባበር ነው። ችግሩ፣ እጁን የሚያነሳ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። አምና በጎረቤት ሰፈር አንድ ተጫዋች እጁን ሳያነሳ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ እንደወደቀም ቀረ። ቀብሩ ላይ ጋሽ ገብረወልድ "ምን ዓይነት ግትር ሰው ነበር!" እያሉ ሲያዝኑ ነበር።

ኳስ ወደ እሳቸው ትመጣለች። ትንሽ ይሮጡና ጎናቸውን ይዘው ይቆማሉ። ኳሷ አጠገባቸው ታልፋለች፤ ዞረውም አያዩዋትም። ተቀያሪ ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ሙስአብ እዞራለሁ።

"ሙስአብ፣ ተነስ፣ ልትገባ ነው!"

"በማን ቦታ?"

"በጋሽ ገብረወልድ።"

ሊነሳ የነበረው ሙስአብ ተመልሶ ይቀመጣል። "ኧረ ባክህ እሸቴ! ከዚህ በኋላ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?"

"በእኔ አሳብብ። ተነስ አልኩህ!" ወደ ሜዳው ዞሬ እጮሃለሁ፤ "ዳኛ! ቅያሪ!"

የሚወጣው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ዙሪያውን የቆመው ሰው ያጉረመርማል። ከዚያ ሱሌማን ይጀምራል። ሱሌማን ኢምፔሪያል ጋ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ ስለ ኳስ ሲያወራ ግን የሚረታው የለም።

"ኧረ ጉድ! ያገባ ሰው ይወጣል እንዴ? አንተ እሸቴ፣ ለማን ነው የምታሰለጥነው?"

"ለታክቲክ ነው!" እላለሁ። "መሀሉን ላጠብቅ ነው!"

"ታክቲክ!" ሱሌማን ወደ ሰዉ ዞሮ እጁን ይዘረጋል። "ሰማችሁ? ታክቲክ አለላችሁ!" ሜዳው በሳቅ ይሞላል። አንዷ ደግሞ ከኋላ "ውይ፣ ቅናት ነው እንጂ!" ትላለች።

እውነቱን ብናገር ሁሉም ዝም ይላሉ። ግን በሰፈሩ ሰው ፊት "ሽማግሌው ደክመዋል፣ ፈራሁላቸው" እንዴት እላለሁ? ይህን ካልኩ ጋሽ ገብረወልድ ሁለተኛ መለያ አይለብሱም። ስለዚህ ስድቡን ዋጥ አደርገዋለሁ።

ጋሽ ገብረወልድ የአምበሉን ጨርቅ ከክንዳቸው ፈትተው መሬት ይወረውሩታል። ቀስ ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ጥሏል።

"እኔን? እኔን ነው የምታወጣው?"

"ይቅርታ ጋሼ። ለታክቲክ ነው።"

"ታክቲክህ ገደል ይግባ!"

ጭብጨባው ይቀልጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። እኚህ ሰው ቢቀየሙኝ ሚስቴ ራሷ ቤት የምታስገባኝ አይመስለኝም።

አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ይቀመጣሉ። ውኃ አቀብላቸዋለሁ፤ ግማሹን ጠጥተው ግማሹን አናታቸው ላይ ያፈሱታል። ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እኔም ሳላውቀው አብሬ እተነፍሳለሁ። ቀስ በቀስ ፊታቸው ላይ ደም ይመለሳል። ግራ ቀኙን ገላምጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ።

"ምነው ዘገየህ?"

"አቤት?"

"ከዕረፍት ጀምሮ እኮ ነው የምጠብቅህ! አንዴ ቆሜያለሁ፣ አንዴ ጎንበስ ብያለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ሰው እያየኝ እጄን ላነሳልህ ኖሯል?"

"ከዚህ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው" እላቸዋለሁ።

"እሺ፣ እንሄዳለን። ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለታክቲክ ነው በል፤ ያዋጣል።"

ይህን እያሉኝ ሙስአብ ኳሷን ለተቃራኒ ያቀብላታል። ጎል፤ እኩል ሆንን። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሊነፋ ሲል መገናኛዎቹ ይደግሙናል። ሱሌማን ኮፍያውን አውልቆ ይረግጠዋል። ጎልማሶች አናታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሙክቱ ሄደ። እኔ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ እንደ ዛሬ ቀሎኝ አያውቅም፤ ፈገግታዬን የምደብቅበት አጥቼ ወደ መሬት አያለሁ።

"አሰልጣኙ ይውረድ!" የሚል ድምፅ ከጀርባዬ ይፈነዳል። ሜዳው ሙሉ ይቀበለዋል፤ "ይውረድ! ይውረድ!"

ማን እንደጀመረው ለማየት ዞር እላለሁ። ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። ብድግ ብለው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ይጮሁብኛል፣ ትንፋሻቸውም አንዴ እንኳ አይቆራረጥም።