የሴዋ የማለዳ ልምምድ

ከኩማሲ ሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ በአዶማኮ ግቢ ቁርስ የሚቀርበው ከጩኸት በኋላ ነው።

አዶማኮ የንጉሡ ቃል አቀባይ ነው። ንጉሡ በአደባባይ ለሕዝብ በቀጥታ አይናገሩም፤ ለእሱ ያንሾካሹኩለታል፣ እሱ ባለወርቁን በትር ይዞ ቃላቸውን አሳምሮ ለሕዝቡ ያሰማል። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ተራ በተራ ካናገረ በኋላ ውጤቱን ሰምታ የወጣችው ሚስቱ ሴዋ ናት።

«ቃላት እያደር የሚያጠፋ በሽታ ነው አሉ» አለችው። «የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ መለማመድ ግን ያቆየዋል። አንተ አስተምረኝ።»

ልጃቸው ኦፎሪዋ ለአዲሱ የቦዬ መከር በዓል ከምትኖርበት ከታኮራዲ ከተማ መጥታ ይህን ጉድ አየች። ሴዋ ዕቃውን ራሷ ደርድራ ትቀመጣለች፤ አዶማኮ ይጠይቃል።

«ይህስ?»

«እ... የሚወቀጥበት...»

«ሙቀጫ! ዕድሜ ልክሽን ካሳቫና ቦዬ ለፉፉ ወቅጠሽበት ሙቀጫ ማለት ያቅትሽ?»

ወንፊቱን አነሳ። ሴዋ በባዶ እጇ ዱቄት የምትነፋ አስመሰለች። የአዶማኮ ፊት ደም ለበሰ።

«እጅሽን ምን ያወናጭፍሻል? ይህ... ይህ... ወንፊት ነው! ወንፊት!»

ኦፎሪዋ ደሟ ፈላ። «አባዬ፣ እማዬ እኮ ታማለች! ሐኪሙ ጋ ሂድና እንዴት እንደሚያለማምዱ ተማር!»

«እኔ? የንጉሥ ቃል የማሳምር ሰው ከማንም መናገር አልማርም!» በትሩን ይዞ እየተመናጨቀ ወጣ።

ወዲያው የግቢው ፍየል የተሰጣው ካሳቫ ላይ ወጣች። ሴዋ ብድግ አለች። «አንቺ ዘረ ሌባ! ትናንት ቦዬዬን፣ ዛሬ ካሳቫዬን! ቆይ ብቻ፣ ለበዓሉ በቆዳሽ ከበሮ አስወጥራለሁ!»

ስድብ መጨረሻ ላይ ነው የሚረሳው ማለት ነው፣ አለች ኦፎሪዋ በሆዷ። ገብታ የእናቷን ልብስ መሸከፍ ጀመረች።

«ታኮራዲ እወስድሻለሁ። ከዚህ አረመኔ ጋር አንድ ቀንም አታድሪም!»

«አልሄድም።»

«እንደ ውሻ እየጮኸብሽ?»

«ይጩህ። ብቻ በዓሉ ላይ በትሩን ይዞ ይቁምልኝ። ያንን በትር ከቀሙት ይሞትብኛል።»

«ኧረ በትሩ ገደል ይግባ! ልምምዱ ላንቺ እኮ ነው!»

ሴዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፍታ ባሏ መራቁን አየች።

«ቀስ በይ፣ እንዳይሰማሽ» አለች። «ሐኪሙ የታመመው እሱ ነው ያለኝ።»