የግራው ጎን

አሮጌው የፀጉር ማሽን የሹፌሩ አናት ላይ ሲደርስ አንዴ አጓራና ጸጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ነቀነቀው፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ወይ ፍንክች። ሹፌሩ በመስታወቱ ራሱን አየ፤ ከማጅራቱ እስከ አናቱ ሙልጭ ብሏል፣ የፊቱ ፀጉር ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሟል።

"ኮፍያ አለህ?" አለ ሹፌሩ። "እንዲህ ሆኜማ ማን ይሳፈርልኛል?"

"ጥሩው ማሽን እኮ አለኝ። ያ ልጅ ይዞት ሄዶ ነው። ልጅ ወለድኩ ብዬ ነበር፤ ለካ የወለድኩት የማሽን ሌባ ኖሯል።"

ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤታቸው እየዞረ በነፃ ፀጉራቸውን ይቆርጣል። መጀመሪያ ላይ አባቱ እጁን ያፍታታበት ብሎ ዝም አለው። ከዚያ ቅዳሜ ብቻ የነበረው እሁድንም ጨመረ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ያውም ሁለት ቀን በተከታታይ፣ ማሽን ፍለጋ መሳቢያ ሲያገላብጥ መዋል ያንገበግበው ጀመር።

"መናገሩን አልፈለግኩትም ነበር" አለ ሹፌሩ። "ግን ጡረተኛው መምህር ጎረቤቴ ናቸው። ጠዋት ሰላም ልበላቸው ብዬ ስገባ፣ ቀኝ ጎናቸው ተቆርጧል፣ ግራው እንደ ጎፈሬ ቆሟል። ልጅህ ጥሏቸው ሲወጣ በር ላይ ተላለፍን።"

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ጠቆረ። ማሽን መውሰድ አንድ ነገር ነው። የሰው ራስ ጀምሮ መተው ግን የሙያ ውርደት ነው፤ ውርደቱም የልጁ ብቻ አይደለም።

ይሄኔ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አንዲት ፈጣን ወይዘሮ፣ ፈገግ እያለች ገባች። ነገ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሰፈራቸው የደከሙ ወጣቶች እንደሚመሰገኑ፣ ልጁም አንዱ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። "አባትየው መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ልጃቸው ሁለት ቃል እንዲናገሩልን ነበር" አለችው።

"እናገራለሁ። ያደረገውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ።"

"እግዜር ይስጥልን።"

"አይ እህቴ፣ አልገባሽም። ይቅርባችሁ ነው የምልሽ። ስንት ዘመን በዚህ ሥራ ስኖር ግማሽ ራሱን ይዞ ከዚህ ቤት የወጣ ሰው የለም።"

"እስካሁን" አለ ሹፌሩ ከጨርቁ ሥር።

"አንተ ደግሞ ዝም በል። እህቴ፣ ልጄ ባልጨረሰው ሥራ ሲጨበጨብለት ቁጭ ብዬ አላይም።"

የወይዘሮዋ ፈገግታ ጠፋ። "አባቱ ካልወደዱ ኮሚቴው ይሰርዘዋል" አለች ቀስ ብላ። "ልጁ ግን ያሳዝናል።"

ልጁ ይህን ከበሩ ላይ ሆኖ ሰማው። እጅጌው ላይ የሰው ፀጉር ተለጥፎበታል። ቦርሳውን ከፍቶ ማሽኑን ለአባቱ ዘረጋለት። ተጠርጓል፣ ዘይትም ተቀብቷል።

"መምህሩን ለምን ጥለሃቸው መጣህ?"

ልጁ ሹፌሩን አየው። ሹፌሩ ጣራ ጣራ ያያል።

"አልጣልኳቸውም። ቀኙን ጨረስኩ። ግራው ነገ ነው።"

"ራስ በቀጠሮ ይቆረጣል እንዴ?"

"ወገባቸው ነው አባዬ። በግራ ጎናቸው አስተኝቼ ቀኙን እቆርጣለሁ። ግራውን ለመቁረጥ ደግሞ ማገላበጥ ነው። በአንድ ቀን ሁለቴ ሲገላበጡ አይችሉትም። መጀመሪያ ጊዜ በአንዴ ልጨርስ ብዬ አስለቀስኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረውብኝ ነበር፣ ግን አየሁ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። እሁድም ማሽኑን የምወስደው ለዚያ ነው።"

አባትየው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። የሚቆጣበት ነገር አጣ፣ ማጣቱም አናደደው።

"ታዲያ ይኼን ለምን አትነግረኝም?"

"ማሽኑ የት ገባ ትለኛለህ እንጂ ምን ስትሠራ ዋልክ ብለኸኝ አታውቅም።"

አባትየው ጨርቅ አንሥቶ ንጹሑን መስታወት ወለወለ። እውነቱን ነው፣ አንድ ቀንም አልጠየቀውም።

"መምህሩ ነገ አዳራሽ ካልመጣሁ ብለዋል" አለች ወይዘሮዋ። "በተሽከርካሪ ወንበር ልንወስዳቸው ነው። ልጁን የጠቆሙን እሳቸው ናቸው።"

"ስለዚህ ጠዋት መጨረስ አለብኝ" አለ ልጁ። "ጠዋት ደግሞ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ቀጥረሃል። አውቃለሁ። አሮጌውን እወስዳለሁ፣ ምንም አይደል።"

"አሮጌውማ ሞቷል" አለ ሹፌሩ። "አሁን እኔ ላይ ነው የሞተው።"

ፀጉር አስተካካዩ ጥሩውን ማሽን አገላብጦ አየ። ከዚያ ገመዱን ጠቀለለ፣ የልጁን ቦርሳ ራሱ ከፈተ፣ ከተተውና ዚፑን ዘጋ።

"ኧረ ወንድሜ፣ እኔስ?" አለ ሹፌሩ። "እጅህ ከገባ በኋላ?"

"ነገ ሙሽራውን በመቀስ ነው የምቆርጠው። በመቀስ ከቆረጥኩ ስንት ዘመኔ። ባንተ ልለማመድ።"

"በኔ?"

"ስለ ልጄ ወሬ ስታመጣ መች ፈራህ? አትነቃነቅ።"

ወይዘሮዋ እየወጣች በሩ ላይ ዘወር አለች። "ታዲያ ነገ ምን ተብሎ ይነገርልን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከመሳቢያው ጥግ ያወጣውን መቀስ በአልኮል እየጠረገ። ልጁን ሳያየው በክርኑ ወደ ባዶው ወንበር ጠቆመው። "ቁጭ በልና ንገረኝ። ከመጀመሪያው ሽማግሌ ጀምር።"