የቀኝ እጅ ስብራት

በዋና ሐኪሟ ክፍል የበሽተኛ ስም አይጠራም። «ስም ሲጠራ እጅ ይንቀጠቀጣል» ባይ ናት፤ ሐኪሞቿም ዕድሜና ስብራት ብቻ ይናገራሉ።

የዛሬውን ቀዶ ጥገና ወጣቱ ሐኪም ይሠራል ተብሏል። እሱ ግን አላመነም። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ቢላዋ ለማንም ለቃ አታውቅም። ሰው ታጥቦ፣ ጓንት አጥልቆ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ «ዞር በል» ትለዋለች፣ በቃ። እሱንም ስንቴ በነርሶች ፊት አሳፍራዋለች።

እጁን ሲታጠብ ነጭ ጋዋኗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አጠገቡ ቆመች።

«ንገረኝ።»

«ሴት፣ ስልሳ አራት ዓመት። ከወንበር ወድቃ ቀኝ አንጓዋ ተሰብሯል። አጥንቷ በጣም ስለሳሳ በብረት ብናስረውም መሃሉ ባዶ ይቀራል።»

«በምን ትሞላዋለህ?»

«በሰው ሠራሽ የአጥንት ምትክ። እንደ ሊጥ ይገባና ይጠነክራል፤ የራሷ አጥንት ቀስ እያለ ይተካዋል።»

«ከዳሌዋ ቆርጠህ ብትሞላስ?»

«ዳሌዋም ያው ነው። ከድሃ መበደር ይሆናል።»

አልሳቀችም። በግራ እጇ ወደ ራጁ እየጠቆመች ሊጡ ወደ መገጣጠሚያው ቢያፈተልክስ ስትል ጠየቀችው። አንጓው ይደርቃል አላት።

«ከደረቀስ?»

«ሥራዋን ታጣለች። ያለ ሥራዋ ደግሞ…» አልጨረሰውም።

«የሚደነዝዘው ክንዷ ብቻ ነው። እያየችህ ነው የምትሠራው።»

«አውቃለሁ» አለ። ትናንት ማታ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ይህችን እጅ ማበላሸት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ቤት የማያውቅ የለም፤ ካበላሻት የሚገባበት ቀዳዳ አይኖረውም።

በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ተከተለችው። መብራቱ በርቷል፤ ነርሷ መሣሪያዎቹን ደርድራ ጨርሳለች፤ ዛሬ ማንም አይቀልድም። ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ቆመ።

«ዞር በል» አለችው ከኋላው።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ልቡ ስንጥቅ አለ። ግን ደግሞ ውስጡ ቅልል አለው፤ በዚህም አፈረ። ዞር አለ።

ጋዋኗን ለነርሷ ሰጥታ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፤ በጀርባዋ ተጋደመችና የተሰበረ ቀኝ እጇን ዘረጋችለት።