የድንብላል ቅጠል

ዕድላዊት ሰበታ ካለው የኪራይ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ከዘራችው ድንብላል የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ቀጥፋ ወደ እናቷ አልጋ ሄደች። ሐኪሞቹ «ቤቷ ትረፍ» ብለው የመለሷት እናቷ፣ ከአንድ ወር በፊት፣ «ትኩስ ድንብላል የገባበት ዳጣ ባገኝ እህል እቀምስ ነበር» ብላት ነበር። አሁን ግን ውሃ እንኳን በማንኪያ ነበር የምትወስደው።

ዕድላዊት ቅጠሉን በጣቶቿ አሽታ ወደ እናቷ አፍንጫ አስጠጋችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ ሳበች።

«ሸተተሽ፣ እማዬ?»

«እንዴታ!» አለች እናቷ፣ ልጇን ደስ ለማሰኘት ፈገግ ብላ። «ጤናዳም አይደል?»

ዕድላዊት በጣቶቿ መሃል ያለውን ድንብላል አየች።

«አዎ፣ ጤናዳም ነው» አለች፤ ቅጠሉንም እናቷ መዳፍ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት።