«ሁሉ» የምትል ቃል

እማዋይሽ ጎንደር ላይ ለጤና ረዳትነት ስትፈተን አምስተኛው ጥያቄ ላይ እጇ ቆመ። «ኩፍኝ ከያዛቸው አሥር ሕፃናት ሰባቱ ሞቱ። ትክክለኛው የቱ ነው?» ይላል። ሀ፦ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ሁሉ ይሞታል። ለ፦ ኩፍኝ ከያዛቸው ሕፃናት የሚተርፉ አሉ።

አምና አይከል ላይ ሴት ልጇ በኩፍኝ ስትወድቅ፣ ሐኪም ቤት ልታደርሳት አዝላት ተነስታ ነበር። አማቷ ከደጅ መለሷት፦ «የያዘው ሁሉ ይሞታል፤ ምነው በመንገድ ባታንገላቻት?» ልጅቷን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ የሚወስዳት ያቺን «ሁሉ» የምትል ቃል ይዛ ነበር።

የተረፉትን ሦስት ሕፃናት ደጋግማ አሰበቻቸው። ከዚያ «ለ»ን ከበበች፤ እንባዋም ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ከበደሽ?» አሏት ፈታኙ ጎንበስ ብለው።

«የለም ጌታዬ» አለች፤ «መልሱን አውቄዋለሁ።»