አየር የማይገባው በርሜል

ምርጊቱ እርጥብ ነው።

በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ሊጥ ሰረጎደ። አስራ አንድ ቀን የቆየ ምርጊት እንዲህ አይደለም፤ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በቢላ ካልፈነቀሉት አይነሳም። ይኼን በጥፍሬ እየላጥኩ አነሳሁት። ክዳኑን ከፍ ሳደርገው የአቸቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጠላው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ነጭ ነገር ሰፍፏል።

"አንለይ!"

ባሌ ጓሮ እንጨት እየፈለጠ ነበር። መፍለጡን አቆመ፣ ግን መልስ አልሰጠም። ያኔ አወቅኩ። ያላጠፋ ሰው ስሙ ሲጠራ "አቤት" ይላል።

ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ማኅበሩን የማብላትና የማጠጣት ተራው የእኛ ነው። አምና በዚችው ዕለት ያቀረብኩት ጠላ ሆምጥጦ ሴቶቹ በየሰበቡ ወደ አጥሩ እየወጡ ደፉት። አይቻቸዋለሁ። አማኑኤል ትንሽ ከተማ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ገበያ በወጣሁ ቁጥር "የአለሚቱ አቸቶ" ሲባል ከኋላዬ እሰማለሁ።

ዘንድሮ ግን ተምሬ ነበር። ጎረቤታችን መምህርት ትንቢት ናት፣ "እትዬ፣ ጠላውን የሚያበላሽብዎት እጅዎ አይደለም፣ አየር ነው" ያለችኝ። ጋኑን ትቼ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አመጣሁ። ክዳኑን በጋለ ሚስማር በሳሁት። በቀዳዳው የጉሉኮስ ቱቦ አስገብቼ ጫፉን ውሃ በሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት። የጠላው ትንፋሽ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ ከውጭ ግን ምንም አይገባም። ዙሪያውን በጭቃና በአመድ መረግኩት። የተረፈውን ሃያ ሊትር ጀሪካን ውስጥ ሞልቼ ለእሱም የራሱን ቱቦ አበጀሁለት፤ አፉን በቀለጠ የጧፍ ሰም አሽጌ ከበርሜሉ ጎን አስቀመጥኩት። ከዚያ ለአንለይ ነገርኩት፦ ማንም እንዳይነካው።

"ምነው?" አለ በሩ ላይ ቆሞ፤ መጥረቢያውን እንኳ አላስቀመጠም።

"ማን ከፈተው?"

"ምኑን?"

"ያንተን ሆድ! በርሜሉን ነዋ!"

መሬት መሬት አየ። "አንድ ቀን ነው።"

"አንለይ!"

"ሦስት ቀን" አለ። "መጀመሪያ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ አካለ ወልድ ናቸው። 'ዘንድሮስ ምን ልታጠጡን ነው?' ብለው ሰው ፊት ቢያሾፉብኝ፣ 'ይምጡና ይዩ፣ ሚስቴ አየር የማይገባው በርሜል ሠርታለች' አልኳቸው። ያንን ማኅበርተኞቹ እነ ቢተው ሰሙ። እነሱም በየቀኑ እየመጡ እንይ አሉ።"

"አንተም ከፈትክላቸው።"

"አናምንም አሉኛ! አየር እንደማይገባው ላሳያቸው ብዬ..."

"ከፍተህ?"

"ወዲያው መልሼ መረግኩት እኮ።"

"ስልክ ይዘህ የለም እንዴ? ፎቶ አንስተህ አታሳያቸውም?"

"ፎቶ አይሸትማ" አለ፣ ድምፁ እየሟሸሸ። "ሽታውን ይስሙልኝ ብዬ ነው። ያኔ ደግሞ ሽታው ግሩም ነበር፣ አለሚቱ።"

ደሜ ፈላ። ሌላ ሴት ብትሆን ሳቅ ያመልጣት ይሆናል፤ እኔን አላመለጠኝም። ብቅሉን ያበቀልኩ እኔ፣ ጌሾውን የወቀጥኩ እኔ፣ አሻሮ ስቆላ ዓይኔ በጭስ የጠፋ እኔ። ታጥቦ ጭቃ! ጠላቴ አድርጎት ቢሆን እረግመው ነበር። በእኔ ሊኮራ ብሎ ያዋረደኝን ባል ግን ምን ብዬ ልርገመው?

ጣሳ አንስቼ ከበርሜሉ ቀዳሁና ሰጠሁት። "ጠጣ።"

ፊቱ ተጨማደደ፣ ግን ጨለጠው። ደገምኩለት። ያንንም ጠጣ። ሦስተኛውን ስቀዳ "ይብቃኝ" አለ።

"ሦስት ቀን አይደል የከፈትከው?"

ጠጣው። እኔ ግን አልበረደልኝም።

ከዚያ ሁለታችንም ጀሪካኑን አየን።

"ይኼንንስ?" አልኩት።

"ሚካኤልን! አልነካሁትም። ደግሞ አፉ ጠባብ ነው፣ ምኑን አሳያቸዋለሁ?"

ሃያ ሊትር። በትንንሽ ብርጭቆ ከቀዳሁት ለማኅበርተኛው ሁሉ ይዳረሳል። ደህና ከሆነ ስሜ ይተርፋል። ካልሆነ ግን በዚች ከተማ ከእንግዲህ ሰው ፊት ማንቆርቆሪያ ይዤ አልቆምም።

ጎንበስ ብዬ ሰሙን አየሁት። ክዳኑ ዙሪያ እንደ ተጣበቀ ነው። ግን ሰምም ይቀልጣል፣ መልሶም ይረጋል። ጭቃ መርጎ ያታለለኝ ሰው ጧፍ ማቅለጥ ያቅተዋል? ይኼም ሆምጥጦ እንደሆነ ነገ ሰው ፊት ከማውቀው አሁን ብቻዬን ልወቀው። ክዳኑን ጨበጥኩት። ሰሙ ከጥፍሬ ሥር ስንጥቅ ሲል ተሰማኝ።

"አለሚቱ" አለ አንለይ ቀስ ብሎ። "አየር ይገባዋል።"

እጄ ክዳኑ ላይ እንዳለ ቀና ብዬ አየሁት። ሊቀልድብኝ አይደለም፤ ፈርቶልኝ ነው። መጥረቢያውን ጥሎ አጠገቤ ቁጢጥ አለና እጁን ወደ ጀሪካኑ ሰደደ።

"እጅህን!" አልኩት።

ሁለቱንም እጁን ከኋላው አጣምሮ ያዘ።

የተሰነጠቀውን ሰም በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ቀዝቃዛ ነው። በጣቴ ሙቀት ላልቶ እስኪያያዝ ድረስ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቁጢጥ እንዳልን ቆየን።