ከአርባ ቀን ያለፈ ሐዘን

በዚያ ዘመን ከአርባ ቀን ያለፈ ሐዘን በሕግ እንደ በሽታ ይቆጠር ነበር፤ መድኃኒቱም ሙዚቃ ነበር። ትርንጎ ልጇ ያፌት በሞተ በአርባ አንደኛው ቀን ደሴ ወዳለው የዜማ ሕክምና ቤት ሄደች፤ በማግስቱ ፈገግ ብላ ተመለሰች።

ባሏ ሞላልኝ ከሥራ ሲገባ፣ የልጁን ሸሚዝ ቦጭቃ እያንጎራጎረች መስኮት ስትወለውልበት አገኛት።

«ምን ነካሽ? የያፌት እኮ ነው!» ብሎ ነጠቃት። ወደ አፍንጫው ቢያስጠጋው የልጁ ጠረን በሳሙና ጠፍቷል።

«አዎ፣ ጥጥ ስለሆነ ውኃ በደንብ ይመጥጣል» አለችው። «ያፌት ደግ ልጅ ነበር» ስትልም የጎረቤት ልጅ የምታነሳ ትመስል ነበር። «አንተ ግን ታመሃል፣ ሞላዬ። ባንተ ፈንታ ፈርሜያለሁ፤ ዛሬ ከሕክምና ቤቱ መጥተው ይወስዱሃል።»

በሩ ተንኳኳ። ሞላልኝ እግሯ ሥር ወደቀ።

«ትርንጎዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ አትስጪኝ! እኔም እንዳንቺ ከሆንኩ ለልጃችን ማን ያለቅስለታል?»

ትርንጎን ጥያቄው ከልብ ገረማት። እንባውን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ጠረገችለትና፣

«ለምን ይለቀስለታል?» ብላ በሩን ልትከፍት ሄደች።